በተገለበጠው በኩል ያለው ወንበር

ጠዋት ሲገባ ወንበሩ የለም። ጠረጴዛው አለ፣ መስኮቱ አለ፣ መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው የውሃ ጠርሙስ አለች። ቅዳሜ ትቶት የሄደው ሹራብ እንኳን አለ፤ ግን ከወንበሩ መደገፊያ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ካለ ምስማር ተሰቅሏል። ሹራቡን የሰቀለው ሰው አስቦበታል ማለት ነው። ወንበር ወስዶ ሹራብ የሚሰቅል ሰው ከሌባ ይብሳል፤ ሌባ ቢያንስ ደግ ለመምሰል አይደክምም።

ባልደረባው ሽቦ ቀድማው ገብታለች። የቀረው አንድ ወንበር ፊቷ ነው፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆማ ወንበሩን እንደማታውቀው ሰው ታየዋለች።

«ደህና አደሩ፣ ጋሼ?»

«ደህና። ቁጭ በይ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?»

«እርስዎ ይቀመጡ።»

«እኔማ ተሰቅያለሁ» አለና በአገጩ ወደ ሹራቡ አመለከታት።

ሳቀች፤ ቦርሳዋን ግን አላወረደችም። ሁለቱም እንደቆሙ፣ ባዶው ወንበር መሃላቸው እንዳለ፣ ከወዲያኛው ክፍል የኅትመት ማሽኑ መንኳኳት ጀመረ።

ሰውየው ግልብጤ ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቁት ሚስቱና የሐኪም ቤት ካርዱ ብቻ ናቸው። ግልብጤ ያሉት የማተሚያ ቤት ሰዎች ናቸው፣ የሰጡትን ጽሑፍ ሁሉ ገልብጦ ስለሚያነብ። ጋዜጣ ሲያቀብሉት ራስጌውን ግርጌ ያደርገዋል። የሠርግ ጥሪ ሲደርሰው አዙሮ አንብቦ «ሙሽሪት ደህና ናት፤ ሙሽራው ግን ወደ ጠርዙ ተገፍቷል» ይላል። ወጣትነቱን የጨረሰው ፊደል ለቃሚ ሆኖ ነው። ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት ጥቃቅን የእርሳስ ብረት ፊደሎችን ከመሳቢያ በጣቱ እየለቀመ ቃል፣ ከቃል መስመር፣ ከመስመር ገጽ የሚገጣጥም ሰው ነበር። እነዚያ ፊደሎች እንደ ማኅተም ናቸው፤ ግራቸው ቀኝ ነው። ስለዚህ ለቃሚ ገጹን ቀጥ አድርጎ አያነብም። ከራስጌው በኩል ቆሞ፣ ተዘቅዝቆ እንዳለ ነው የሚያየው።

«ቀጥ ያለ ጽሑፍ ያወራብሃል» ይላል ሲጠይቁት። «ወሬው ይወስድህና መልኩን ሳታይ ታልፋለህ። ሲገለበጥ ግን ዝም ይላል። ዝም ሲል መልኩን ታየዋለህ።»

መልክ ማለት ለእሱ ፊደል ከፊደል ያለው ርቀት ነው። ከመስመሯ ዝቅ ያለችውን፣ ከጎረቤቷ የራቀችውን ወይም ከልክ በላይ የተጠጋችውን ፊደል በጣቱ ያመለክትና «ይቺ ታነክሳለች» ይላል። ሌላ ትችት የለውም። አንካሳውን ማቃናት ነው ሥራው።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። የእርሳሱ ፊደል በጆንያ ታጭቆ ለሚያቀልጡት ተሸጠ። ለቃሚዎቹን በጆንያ ማጨቅ ስለማይቻል በየቤታቸው ላኳቸው። «እነዚህስ ሰዎች ምን ይሁኑ?» ያለ አልነበረም፤ አንድም ሰው! ግልብጤ የቀረው ገጽ አራሚ ስለተፈለገ ብቻ ነው። ቀረ እንጂ አልደላውም። ማውዝ የሚሉት ነገር እጁንና ዓይኑን አፋታቸው። እጅ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይዳክራል፤ ማውዙ የሚነዳት ቀስት እዚያ መስታወት ውስጥ ትቅበዘበዛለች። «ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተጫን» ሲሉት አንዴ ይጫናል፣ ያስባል፣ ከዚያ ሁለተኛውን ይጫናል። ኮምፒውተሩ ግን ለሚያስብ ሰው ጊዜ የለውም።

ሽቦ ከመጣች ወዲህ ነገሩ ቀለለ። ቀጭን ናት፤ ግን አትበጠስም። ደግሞ ሁልጊዜ ጠረጴዛ ስር ገብታ የተጠላለፈ ገመድ ስትፈታ ስለምትገኝ ስሙ በሁለት በኩል ያዛት። እሷ ማውዙን ትይዛለች፤ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ አንገቱን እንደ ዶሮ ጠምዝዞ ያያል።

«ወደ ግራ። ትንሽ። ትንሽ ጨምሪ። በቃ! አለፍሽው።»

«እኔ አይደለሁም ያለፍኩት፣ ማውዙ ነው።»

«ማውዙን ማን ይዞታል?»

«እጄ።»

«እጅሽ የማን ነው?»

«እሱን ደግሞ ሳይቸኩሉ ያርሙት፣ ጋሼ!»

እንዲህ እየተነታረኩ ነው ዓመታቱን የገፉት፤ በሁለት ወንበር፣ በአንድ ኮምፒውተር፣ ጀርባው ከግድግዳ በተጣበቀ ጠረጴዛ ላይ።

ያን ጠዋት ባለማተሚያው አንድ አዲስ ዕቃ በብብቱ ይዞ ገባ። ባለማተሚያው የግልብጤ የእህቱ ልጅ ነው። እናቱ ሥራ ስትውል እሱ አጎቱ ጎን ቆሞ ነበር የሚውለው። ፊደል የቆጠረውም እዚያው፣ የእርሳሱ ገጽ ላይ ነው፤ ተገልብጦ። ትምህርት ቤት የገባ ቀን መጽሐፍ ሲሰጡት ገልብጦ ያዘውና ያለምንም ስህተት አነበበላቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሯ መጽሐፉን አቅንታ አስያዘችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁሉን ነገር አቅንቶ ነው የሚይዘው፤ ሸሚዙን፣ ንግግሩን፣ ሰውን።

«አጎቴ፣ ደህና አደርክ? ሽቦ፣ እንዴት ነሽ?» አለና ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ቀጭን፣ ጥቁር፣ እንደ ትልቅ መጽሐፍ የሚከፈት ነገር ነው።

«ወንበሬስ?» አለ ግልብጤ።

«እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ይህን እዩ።» ኪቦርዱን ገጠመው፤ ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ምልክቶች፣ ተደራርበው የተከፈቱ መስኮቶች፣ አንዲት ቀስትም ታዩ። ኪቦርዱን ነቀለው፤ ስክሪኑ እንደሚያንቀላፋ ሰው ዓይኑን ጨፈን አደረገና ሲገልጠው ሁሉም ነገር ተለቅ ተለቅ ብሎ፣ ተራርቆ ተቀምጧል። «አያችሁ? ሲገጠምለት ኮምፒውተር፣ ሲነቀልለት ታብሌት። በማውዝ ያለ በማውዝ፣ በጣት ያለ በጣት። ሲስተሙ ግን አንድ ነው። አንዷ የምትይዘውን፣ አንዱ የሚያየውን፣ አሁን አንድ ሰው ብቻውን ይጨርሰዋል።»

«ሁለተኛው ሰውስ?» አለች ሽቦ።

የእህት ልጅ ጉሮሮውን ጠረገ። «የፊደል ገበታው ሥራ እስኪያልቅ ሁለታችሁም አላችሁ። በየተራ ሞክሩት። ከዚያ በኋላ ከዕቃው ጋር የተግባባው ይቀጥላል።»

«ዕቃው ከማን ጋር መግባባት እንደሚፈልግ ጠይቀኸዋል?» አለ ግልብጤ።

«አጎቴ፣ ቀልዱን ተው።»

«ቀልዱማ ወንበሩ ላይ ነበር፤ አብሮ ሄዷል።»

ሁለት ነገር አንድ ሆነ በተባለ ቁጥር የሚተርፈው ሰው ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልግም። አንድ ዕቃ ማውዝንም ጣትንም እንዲቀበል፣ የለመደውንም አዲሱንም እንዳያስቀይም፣ ስንት ጭንቅላት ተጨንቆበታል! ማሽን ሁለት ዓይነት እጅ እንዲችል ይህን ያህል ከተለፋ፣ ሁለት ሰው አንድ ክፍል እንዲችላቸው አንድ ወንበር የሚያቀብል እንዴት ይጠፋል? ለማውዙ አዘኑለት። ለጣቱ አዘኑለት። ጣቱ የበቀለበት ሰውዬ ግን ቆሞ ቀረ።

ሥራው ለመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ የሚሆን የፊደል ገበታ ነበር፤ ከሽቦ ቁመት የሚበልጥ፣ ልጆች በጣታቸው እየነኩ የሚያነቡት። መጀመሪያ የግልብጤ ተራ ሆነ። ሽቦ ወንበሩን ገፋ አድርጋለት ወደ መቁረጫ ክፍሉ ወጣች።

ከሰዓት ነው። ውጭ ይዘንባል፤ የመስኮቱ ውሃ ጥላውን ጠረጴዛው ላይ ያፈሳል፤ ክፍሉ ሐይቅ ውስጥ የተሠራ ይመስላል። ግልብጤ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና የዕቃውን መስታወት ነካ። ቀዝቃዛ ነው። እንደ እርሳሱ ፊደል፣ ጠዋት መሳቢያው ሲከፈት እንደነበረው ቅዝቃዜ። ከጣቱ ስር ያለችውን ፊደል ገፋ አደረጋት፤ ተከተለችው። አቆመ፤ ቆመች። ወደ ራሱ ሳባት፤ መጣች።

ቀስት የለም። ጠረጴዛ ላይ የሚርመሰመስ፣ ሩቅ አገር ላለ ዓይን መልእክት የሚልክ እጅ የለም። ዓይኑ ባለበት ጣቱ አለ። ስንት ዓመት ተኳርፈው የኖሩ ሁለት ወንድማማቾች በር ላይ ተገናኝተው «አንተ ነህ?» የተባባሉ መሰለው። መስታወቱ ከጣቱ ሙቀት ወስዶ ለብ አለ። ፊደሎቹ ከውሃ በታች እንዳሉ ዓሣዎች ሲነካቸው ፈቀቅ፣ ሲተዋቸው ጸጥ ይላሉ። ዝናቡን ረሳው። ወንበሩን ረሳው። አጠገቡ የድሮ ባልደረቦቹ የቆሙ፣ ጣታቸው ጥቁር፣ ሁሉም ዝም ብለው እየለቀሙ፣ መሳቢያው ጠቅ ጠቅ የሚል መሰለው። ዞር ቢል ጠርሙሷ ላይ የዝናብ ጥላ ይወርዳል እንጂ ማንም የለም።

ማታ ቤት ሲገባ አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ ጋር ያፋትጋል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ አየችው።

«ምን ነካህ?»

«ፊደል ነካሁ።»

«ውይ! ድሮ ልታጨኝ ስትመጣ የነካኸው አልበቃ ብሎህ? እናቴ ጥፍርህን አይታ 'ልጄን ለመካኒክ አልሰጥም' ብላ ስንት ቀን አሳዘነችኝ።»

«ታዲያ ሰጠች አይደል?»

«እኔ እንዲያውም መካኒኩን ነበር የምመርጠው። መኪና ይኖረን ነበር።» መርፌዋን መልሳ አነሣች። «ስማ፣ ያንን የወንበርህን ትራስ አምጣው፣ ልጠብልህ። ይሄኔ ቀለም ጠጥቶ ይሆናል።»

ትራሱን ለወገቡ ብላ የሰፋችው እሷ ናት፤ ከወንበሩ ጋር አብሮ ሄዷል። ግልብጤ «አመጣዋለሁ» አላት። ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም። 

በማግሥቱ ሕልሙ እክል ገጠመው። ሲስተሙ ከውጭ ሲያዩት ለጣት የተሠራ ነው፤ በሩ ሰፊ፣ ምልክቱ ትልልቅ። ገጽ ማቀናበሪያው ውስጥ ሲገቡ ግን ያው የድሮው ነው። ማውዝ ብቻ የሚያውቅ፣ ትእዛዞቹ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የቀጠኑ። ግልብጤ አንዱን ሲነካ ሦስቱ ይነካሉ። «አስፋ» ሊል «አጥፋ» ይላል። ቤት ሠርተው በሩን ለዝሆን፣ ጓዳውን ለአይጥ ያደረጉ ሰዎች! ፊት ለፊቱን ቀብተው ውስጡን እንደነበረ ትተው «አንድ አደረግነው» ይላሉ፤ የሚሠራበት ሰው ግን ግድግዳው ጋ ሲደርስ ነው የሚያውቀው።

የባሰው ደግሞ መገልበጡ ነው። አንዱን መስመር አሰካክቶ ሲጨርስ እንደ ልማዱ መልኩን ሊያይ ዕቃውን አነሣና አዞረው። ስክሪኑ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሲገልጥ ገጹ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግልብጤ መልሶ አዞረው። ስክሪኑ መልሶ አቃናው።

«ተው እንጂ!» አለው።

ቀስ ብሎ፣ እንደሚተኛ ሕፃን፣ ሳይነቃበት ሊያዞረው ሞከረ። ነቃበት። በድንገት ገለበጠው። በድንገት ቆመለት። ሲስተሙ ሰው ሁሉ ጽሑፍን ቀጥ አድርጎ ማንበብ እንደሚፈልግ አንዴ ወስኗል፤ የሚጠይቅ የለም። ግልብጤ በመጨረሻ ዕቃውን አስቀምጦ ወገቡን አጥፎ፣ አንገቱን በጠረጴዛው ጠርዝ አዘቅዝቆ ለማየት ሲሞክር ሽቦ በሩ ላይ ደረሰች።

«ጋሼ! ምን ጠፋብዎት?»

«ራሴ» አለ ቀና ሳይል።

ሽቦ ቆማ አየችው። ዕቃው መዞሩን የሚያቆምበት ምልክት እንዳለው ታውቃለች፤ ጠዋት በእሷ ተራ አግኝታዋለች። አንድ ንክኪ ነው። ግን እሷም ሰው ናት። ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች፤ የልጇ ትምህርት ቤትም፣ የቤቷም ጣሪያ በዚህ ቀረ በተባለው አንድ ወንበር ላይ ናቸው። ሰውየው ካልተግባባ እሷ ትቀጥላለች፤ ክፋት እንኳን አያስፈልገውም፣ ዝም ማለት ይበቃል። ዝም አለች። ቦርሳዋን አንሥታ «ደህና ይዋሉ» ብላ ወጣች።

ይህን የመሰለ ነገር ነው ሰው ላይ የሚሠሩት። ሁለት ደግ ሰዎችን አንድ ክፍል ውስጥ ያስገባሉ፣ አንድ ወንበር ይተዋሉ፣ ከዚያ በሩን ዘግተው «ሰው ክፉ ነው» ይላሉ።

በማግሥቱ ዓይኗ ደም መስሎ መጣች። ሰላምታ ሳትሰጥ ጠረጴዛው አጠገብ ሄዳ ቆመች።

«ጋሼ፣ መዞሩን የሚያቆምበት አለው። ትናንትም አውቅ ነበር።»

ግልብጤ ጉንጩን አከከ። «ታዲያ ትናንት ምነው?»

«ትናንት ወንበሩን ፈለግኩት።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም እፈልገዋለሁ። ግን ሲያነክሱ እያየሁ እንዴት ነው የምቀመጥበት?»

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሳቁ ከሆዱ ተነሣ፤ የራሱን ቃል መልሳ ራሱ ላይ ስለጣለችበት። «አንቺ ሽቦ! በይ አቁሚልኝ።»

ምልክቱን ልትነካ ጣቷን ዘርግታ መሃል ላይ ተወችው። «ግን ላቁመውና እርስዎ ሲያዞሩት፣ ጉንዳኖቹን እኔ በማውዝ እንዴት አያቸዋለሁ? ተገልብጠው?»

«ትለምጂዋለሽ።»

«አልለምድም። ይልቅ…» ጠረጴዛውን አየች፤ ግድግዳውን አየች። ጠረጴዛው ግድግዳ ላይ የተጣበቀው የድሮው ኮምፒውተር ገመድ እንዳይወላልቅ ነበር። ያ ተነሥቷል፤ ይሄኛው ገመድ የለውም። ማውዙም ገመድ የለውም፤ ኪቦርዱም ተነቅሎ ይሠራል። ሁሉም ነገር ከተፈታ ቆይቷል፤ ጠረጴዛው ብቻ አልሰማም። «ይልቅ ዕቃውን አያዙሩት። እርስዎ ይዙሩ።»

ጠረጴዛውን ከግድግዳ አላቀቁት። የተከማቸው አቧራ፣ የጠፋ ማስመሪያ፣ የደረቀ እስክርቢቶ ወጣ። ወደ ክፍሉ መሃል ጎተቱት፤ ዕቃውን መሃሉ ላይ አስተኙት። ሽቦ ወንበሩን ስባ በቀጥታው በኩል ተቀመጠች፣ ኪቦርዱንና ማውዙን ወደ ራሷ አድርጋ። ግልብጤ ዞሮ ፊት ለፊቷ ቆመ፣ በተገለበጠው በኩል፤ ያኔ ከእርሳሱ ገጽ ራስጌ ይቆም እንደነበረው።

ሲስተሙ ትንሽ ግራ ገባው። ኪቦርዱ ሲርቀው «ወደ ንክኪ ልቀይር?» ብሎ ጠየቀ። ሽቦ «ባለህበት እርጋ» የሚለውን መረጠችለት። ረጋ።

መጀመሪያ ተጋጩ። እሱ ሲነካ ቀስቲቱ ትጠፋለች፤ እሷ ማውዙን ስታንቀሳቅስ ከጣቱ ስር ያለችው ፊደል ታመልጠዋለች። ዕቃው ሁለት ዓይነት እጅ ያውቃል እንጂ በአንድ ጊዜ የሚሰማው አንዱን ነው።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያንሡ፣ ቀስቴን በሉብኝ!»

«አንቺስ ፊደሌን አስደነበርሽው።»

ቆይቶ ግን ተራ መጣ፤ ማንም ሳያወጣው፣ እንደ ትንፋሽ። እሷ ትእዛዙን ከጉንዳኖቹ መሃል ትመርጥና እጇን ከማውዙ ላይ ታነሣለች። እሱ ጣቱን ያሳርፋል፣ ፊደሏን ወደ ቦታዋ ይወስዳታል፣ ያነሣል። ቀስቲቱ ትመለሳለች። ትሄዳለች። ጣቱ ይወርዳል። ዝናቡ መስኮቱ ላይ፣ ማሽኑ ወዲያኛው ክፍል፣ ሁሉም በዚያው ምት ገባ። «ወደ ግራ፣ ትንሽ» የሚባል ነገር ቀረ። እሱ የተገለበጠውን ገጽ ዝምታ ያያል፤ እሷ የቀናውን ገጽ ወሬ ታነባለች። ለአንዱ ሰማይ የሆነው ለሌላው መሬት ነው፤ መሃል ላይ ብርሃኗ ነጣ ያለች ትንሽ ሐይቅ አለች። ከወዲህና ከወዲያ ዳርቻዋ ሁለት ሰዎች ጎንበስ ብለው ፊደል ያጠምዳሉ። አንዳንዴ ጭንቅላታቸው ሊጋጭ ይደርስና ሁለቱም ሳያዩ ይመለሳሉ። ግልብጤ እግሩ እንደደከመው አልታወቀውም። ሽቦ ሰዓት አላየችም። ገበታው ከመሃላቸው ቀስ በቀስ፣ እንደሚነጋ ነገር ወጣ።

ሊያልቅ ጥቂት መስመር ሲቀረው የእህት ልጅ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። ጠረጴዛው ክፍሉ መሃል ነው፤ አጎቱ ቆሟል፣ ሽቦ ተቀምጣለች፤ መሃላቸው የሱ ዕቃ ተጋድሟል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ገበታው» አለች ሽቦ። ድምፅዋ ቀጠነ።

«እሱማ አየሁ። ማን ነው የሠራው?»

«የቱን?»

«ሁሉንም። በየተራ አላልኩም እንዴ?»

«በየተራ ነው የሠራነው» አለ ግልብጤ። «ተራው አጠረ እንጂ።»

«አጎቴ፣ ለይታችሁ ንገሩኝ። ይህን መስመር ማን ሠራ?»

ሽቦ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። «ማውዙ የኔ ነው፣ ጣቱ የሳቸው ነው። መስመሩ ግን የማን እንደሆነ አናውቅም። እኔን ብቻ ካስቀሩኝ ግማሹ ገጽ ነው የሚቀርልዎት። እሳቸውንም እንደዚያው። ንገሩኝ ስላሉ ነው የነገርኩዎት።»

አፏን ሞልታ ተናግራ ስትጨርስ ራሷ ደነገጠች። ግልብጤም ደነገጠ፤ ሽቦ እንዲህ ቀጥ ብላ ስትቆም አይቶ አያውቅም፣ ያውም ተቀምጣ።

የእህት ልጅ ፊቱ ተለዋወጠ።  ነገሩን ከአጎቱ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ሊጨርስ ፈልጎ ጠረጴዛውን ዞሮ አጠገቡ መጥቶ ቆመ። «ስማኝ፣ አጎቴ» ማለት ጀመረ። «ላስቀይምህ ፈልጌ አይደለም። አንተ አሳድገኸኛል። ግን ሥራ ሥራ ነው፣ ጊዜውም እንደ ድሮ አይደለም፣ ሁለት ሰው አንድ…»

ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ወደቀ። ቃሉ እዚያው ቀረ።

ገጹ ከዚህ በኩል የተገለበጠ ነው። እሱ ግን አላወቀም። ዓይኑ ከዳር ተነሥቶ በመስመሩ ላይ መሄድ ጀመረ፣ ሳይቸገር፣ ጫማውን አውልቆ የልጅነት ቤቱ የገባ ሰው እንደሚሄደው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንዱን መስመር ጨረሰ፤ ወደ ሁለተኛው ወረደ። መሃል ላይ ቆመ። እጁ ከኪሱ ወጣ፣ ጣቱ ተዘረጋ፣ አንዲት ፊደል ላይ አረፈ።

«ይቺ ታነክሳለች» አለ።

ፊደሏን በጣቱ ገፋ አደረጋት፤ ተከተለችው። ከጎረቤቶቿ እኩል ስትሆን አቆማት። የእህት ልጅ ያን ጊዜ ነው የነቃው። ጣቱን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበና መጀመሪያ ጣቱን፣ ቀጥሎ ገጹን፣ ቀጥሎ አጎቱን አየ። ገጹ የተገለበጠ መሆኑን አሁን አወቀ። ጆሮው ቀላ።

ግልብጤ ዓይኑን ከገጹ አላነሣም። ከትልቅ ሰው ጋር ሳይሆን ጎኑ ቆሞ ይውል ከነበረው ሕፃን ጋር የቆመ መሰለው፤ ዞር ብሎ ካየው ሕፃኑ ይሄድበታል። ወዲያኛው ክፍል ማሽኑ ይንኳኳል። ዝናቡ አባርቷል፤ መስኮቱ ላይ የቀሩት ጠብታዎች አንድ አንድ እያሉ ይወርዳሉ።

የእህት ልጅ ወጣ። በሩን እንኳን አልዘጋም።

«ተቆጣ» አለች ሽቦ። «አበላሸሁት አይደል፣ ጋሼ?»

«እንጃ።»

ከኮሪደሩ የሆነ ነገር ወለል ሲፍቅ ተሰማ። ባለማተሚያው ወንበሩን እየጎተተ በጀርባው ገባ። ራሱ ነው ያመጣው፤ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቷል። ጠረጴዛውን ዞሮ፣ በተገለበጠው በኩል አኖረው። ማንንም አላየም።

«ለጊዜው ነው» አለ።

ለጊዜው ነው! ሰው ወንበር ሲወስድ ለሁልጊዜ ነው፤ ሲመልስ ግን ለጊዜው ነው። ይቅርታ ማለት ሲከብዳቸው የሚሉት ነው። ግልብጤ ወንበሩን አየ፣ መቀመጫውን በእጁ ዳሰሰ።

«ትራሱስ?»

«ምን?»

«ትራሱ። ሚስቴ ልጠበው ብላለች።»

የእህት ልጅ እንደገና ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ ትራሱን ጭኑ ላይ እየመታ አቧራውን ያራግፋል። ወንበሩ ላይ አኖረው፤ ዘንበል ማለቱን አይቶ በሁለት ጣቱ አቃናው።

ግልብጤ አላመሰገነውም። የራሱ ወንበር ነው። ተቀመጠ፤ ያን ጊዜ እግሩ ምን ያህል እንደደከመው ተሰማው። ከዚህ ሲያዩት ገጹ ቅርብ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። ሽቦ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ማውዙን ነካ አደረገችው። ቀስቲቱ መጣች፣ ጉንዳኖቹ መሃል ገባች፣ ወጣች። እጇን አነሣች።

ግልብጤ ጣቱን አወረደ።